በኤሲ ያደገችው ቺፕ

ካፊሌ ልጄ ናት። እዚህ አገር የምኖረው በእሷ ዋስትና በወጣልኝ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ ነው። ስትቆጣኝ እንደ ሌላው አባት «ምን ታመጣለች?» ማለት አልችልም፤ ምን እንደምታመጣ በመንግሥት ማህተም ተጽፏል። የሽንት ጨርቋን ያጠብኩላት ልጅ ዛሬ አገር ውስጥ ልቆይ አልቆይ የምትወስን ባለሥልጣን ሆናብኛለች።

አቡ ዳቢ ባለው አፓርትማዋ ከኩሽናው ጀርባ አንዲት መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ለሠራተኛ ብለው ያዘጋጇት ናት። ሠራተኛ የለንም፤ እኔ አለሁ። ጠረጴዛዬን፣ መበየጃዬን፣ ሽቦዎቼንና ከየቦታው የለቃቀምኳቸውን ዕቃዎች እዚያ ከትቼ ቀኑን ሙሉ ስቆፍር እውላለሁ። በወጣትነቴ የቴሌክስ ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ፤ ኋላ እዚህ መጥቼ የአውሮፕላን ሬዲዮ ስፈታና ስገጥም ጡረታ ወጣሁ። ጣቶቼ ግን ጡረታ መውጣታቸውን ማንም አልነገራቸውም። ልጄ በበሩ ብቅ ትልና «አባዬ፣ የተበላሸ ነገር ስታጣ ደህናውን አታበላሽ እሺ?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

የዚህ ወሬ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም፤ ከበሮ መቺዋ ናት። ከበሮ መቺዋ የምላት የጎንደር ሴት ናት፤ አል አይን ውስጥ በአንድ ሰፊ ግቢ ትሠራለች። በዓል ሲሆን አቡ ዳቢ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣና ከሴቶቹ መዘምራን ፊት ቆማ ከበሮውን ታንጠለጥላለች። እሷ በሌለችበት ቀን መዝሙሩ ይዘመራል፤ ነገር ግን ሁሉም እንደመሰለው ስለሚያጨበጭብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ ይመስላል።

ያን ዓመት በፍልሰታ ፆም መካከል ለልጄ ደወለችላትና የፆሙ ፍቺ ቀን እንደማትመጣ ነገረቻት። ስልኩ በድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ምነው? ማዳም ከለከለችሽ?»

«ማዳምስ ምንም አላለች። እንቁላሎቹ ናቸው የከለከሉኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የማዳም እናት፣ ቤቱ በሙሉ «ማማ» የሚላቸው አሮጊት፣ ጣዎስ ያረባሉ። ከዚህ በፊት በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ የነበሩት እንቁላሎች፣ የክፍሉ ኤሲ ጠፍቶ ማንም ሳያየው በሙቀት ተቀቅለው ቀርተዋል። ስለዚህ ማማ አዲሶቹ እንቁላሎች ማሽኑ ውስጥ ከገቡ ወዲህ «ከሙቀት መለኪያው ላይ የሰው ዓይን አይነሳ» ብለው አዝዘዋል። ዓይኑ የከበሮ መቺዋ ነው። የቤቱ ወጥ ቤት፣ የኬረላው ህንዳዊ፣ ለአንድ ቀን ሊተካት ፈቃደኛ ነበር፤ ችግሩ ማሽኑ ያለው ከግቢው ጥግ ባለች ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው፤ ከኩሽናው እስከ ክፍሏ ድረስ ያለው ግቢ ደግሞ የእንቁላሎቹ አባት የሆነው ጣዎስ ግዛት ነው። ጣዎሱ ከእሷና ከማማ ዱላ በቀር ሰው አያሳልፍም። ወጥ ቤቱ አንድ ጊዜ ሞክሮ ሱሪውን ለውጧል።

«እሱማ ቀላል ነው!» አልኩ ከወንበሬ ላይ ሆኜ። «ቁጥሩን በሽቦ ኩሽና ድረስ አመጣላችኋለሁ። ወጥ ቤቱ ሽንኩርቱን እየከተፈ ያነበዋል።»

ልጄ የካፊል ዓይኗን አነሳችብኝ። ከስልኩ ውስጥ ግን «ጋሼ! እግዜር ይስጥልኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። አለቀ፤ ገባሁበት።

ዕቃው ሁለት ቺፕ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ይሏታል፤ ጥቁር፣ እግረ ብዙ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ኮምፒውተር ናት። አንዷ ከእንቁላሎቹ ዘንድ ሆና ሙቀቱን ታነብና በአንድ ቀጭን ሽቦ ፊደል በፊደል፣ ተራ በተራ ትልካለች። ሁለተኛዋ ኩሽና ተቀምጣ የሰማችውን በትንሽ ስክሪን ላይ ታሳያለች። በክፍሌ ውስጥ ሠርቼ፣ ቀን ከሌት አስነብቤ፣ አንዲት ፊደል ስትስት አላየሁም። ክፍሌ ኤሲዋ የማይጠፋ፣ ሥጋ ቢያድርባት የማይበላሽ ናት። እኔ በሹራብ፣ ቺፗ በእርጋታ፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን ሠራን። ነሐሴ መሆኑን፣ ውጭ ያለው ሙቀት በር ሲከፈት እንደ ዳቦ ቤት ፊት የሚገርፍ መሆኑን ረስቼው አልነበረም፤ ብቻ እኔን እንጂ ቺፗን ይመለከታታል ብዬ አላሰብኩም። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሞል ስንል ከርመን ይህ አገር ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው ብለን ያመንን ሰዎች ነን።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ልጄ በመኪናዋ አል አይን አደረሰችኝ። እሷ እዚያው ከተማ ያለች አራስ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ነው፤ አመሻሽ ላይ መጥታ እኔንና ከበሮ መቺዋን ይዛን ትመለሳለች። ነጭ ሸሚዜና ጋቢዬ አቡ ዳቢ ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል፤ ለበዓሉ ወንበር እንዲያዝልኝ ሁሉ ተናግሬአለሁ።

ማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ከእኔ ጋር እኩያ ናቸው፤ ዱላቸው ግን ከእኔ ይረዝማል። ከበሮ መቺዋ መሃል ቆማ ታስተረጉማለች።

«ማማ የሚሉት፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ማሽንዎ መኪናው እስኪመጣ ድረስ ትክክለኛውን ቁጥር ከተናገረ እኔ መሄድ እችላለሁ። ከተሳሳተ ግን እንቁላል በዓል የለውም፤ እቀራለሁ።»

የማማ ንግግር ከዚህ በጣም ያጠረ ነበር። አክብሮቱን መንገድ ላይ የጨመረችበት እሷ ናት።

«በላቸው፣ ማለቴ በያቸው፣ ይህ የልጅ መጫወቻ አይደለም፤ እኔ የሠራሁት ነው» አልኩ።

«ልንገራቸው ወይስ ይቅር?» አለች ወደ እኔ ዝቅ ብላ።

ሽቦውን በግቢው ላይ ስዘረጋ ጣዎሱ ጅራቱን እንደ ዣንጥላ ነፍቶ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ ብል የሚያምነኝ የለም፤ ሐኪሜ ቢያይ ኖሮ ግን መድኃኒቱን ይቀንስልኝ ነበር። ከበሮ መቺዋ «ሂድ ወዲያ!» ብላ በጎንደርኛ ቁጣ አባረረችውና ሥራዬን ጨረስኩ። ላኪዋን ቺፕ የያዘችውን ትንሽ ሳጥን የት እንደማስቀምጥ በጥንቃቄ አሰብኩ። በመፈልፈያው ዙሪያ እርጥበት አለ። ስለዚህ ሙቀት አንባቢውን ሽቦ ከእንቁላሎቹ ጋር ትቼ ሳጥኗን ብቻ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከደፉ ላይ አስቀመጥኳት። «ንፁህ አየር ታግኝ» ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ምስክር አለብኝ።

ኩሽና ስንገባ ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሰባት ከስድስት ይላል። ወጥ ቤቱ አጨበጨበ። ማማ ሳይቀሩ አንገታቸውን ነቀነቁ። ምሳ ቀረበ፤ ማማ በገዛ እጃቸው የግመል ወተት ላኩልኝ።

«ፆም ላይ ነኝ በያቸው።»

«ከወተት ነው የሚፆሙት? ይላሉ።»

«ከወተት።»

«ከግመልም ወተት?»

«ከግመልም።»

ማማ ረዘም አድርገው ተናገሩ። «ግመል ምን አደረገቻችሁ? ይላሉ» አለች ከበሮ መቺዋ።

ቀትር ሆነ። ወጥ ቤቱ «ሰር! ሰር!» ብሎ ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር የለም። ግማሹ ፊደል፣ ግማሹ ጭረት፣ ግማሹ ቀንዳም ምልክት የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። ወጥ ቤቱ በትህትና በአማርኛ የሠራሁት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከበሮ መቺዋ «እኔ የእሱ አገር ጽሑፍ መስሎኝ ነበር» አለች። ማማ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። በዓረብኛ አለመሆኑን አረጋግጠው «የጂን ነው» አሉና ሄደው ተቀመጡ።

ከበሮ መቺዋ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አጥፋ በፌስታል አድርጋ፣ ከበሩ ኋላ ሰቅላለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። እኔን አየች፣ ፌስታሉን አየች፣ ሄዳ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

መጀመሪያ ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ስክሪኑን በመዳፌ መታሁት። ቀጥሎ ሽቦውን ነቀነቅኩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄጄ ሳጥኗን ሳነሳት ጣቴን ፈጀችኝና ጮህኩ። ከጭንቅላቴ በፊት ጣቴ ገባው። ቁና ሙሉ መጽሐፍ ያነበበው ጭንቅላቴ ሳጥኗን ከነሐሴ ፀሐይ ፊት ለፊት አስጥቷት፣ እሱ ኤሲ ውስጥ ምሳ ይበላል።

ለማረጋገጥ ከፍሪዘሩ አንድ ከረጢት የበረዶ አተር ተበድሬ ሳጥኗ ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኩሽና ድምፅ መጣ፤ «ጋሼ! ቁጥሩ ተመለሰ!» እልል ልል ስዞር ጣዎሱ ከረጢቱን ቀዶታል። እኔ አተሩን ለቺፗ ብዬ ያመጣሁት ነበር፤ እሱ ለእሱ መሰለው። አተሩ ሲያልቅ ቁጥሩም አብሮ አለቀ።

«እንግዲያው ሳጥኑን ወደ ውስጥ እናስገባው» አለች ከበሮ መቺዋ። «ውስጥ ኤሲ አለ አይደል?»

አስገባነው፤ ቁጥሩ መጣ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ይህ ዕቃ የተሠራው ኤሲው ሲጠፋ እንዲናገር ነው። ኤሲው ሲጠፋ ክፍሉ ይግላል፤ ክፍሉ ሲግል ቺፗ ልሳኗ ይዘጋል። ሌባ ሲመጣ ብቻ የሚያንቀላፋ ዘበኛ ቀጥሬላቸዋለሁ ማለት ነው። ይህን ዝም ብዬ ብሄድ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ነገር ግን እሷ እዚያ ስትዘምር እዚህ እንቁላሉ ቢቀቀል፣ ከዚያ ወዲያ በዓል የሚባል ነገር አታይም።

«ምኑ ነው የሚያስቀባጥራት ግን?» አለችኝ።

«ሳፋ አምጪ።»

የፕላስቲክ ሳፋ አመጣች። ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ስሚ። ሁለቱ ቺፖች መሃል ያለው አንድ ሽቦ ነው። የጋራ ሰዓት የላቸውም። ላኪዋ 'ጀመርኩ' ትላለች። ከዚያ ሁለቱም በየልባቸው መምታት ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ ምት ላይ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለ ወይ የለም፤ 'አዎ' ወይ 'አይደለም' እንደማለት። እንዲህ ያለው ምት ስምንት ሲሆን አንድ ፊደል ሆነ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«በይ አንቺ ምቺ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ጥጥ እደፍናለሁ። ስትጀምሪ ትከሻዬን ንኪኝና በየልባችን እንምታ።»

ትከሻዬን ነካችኝ። እሷ ሳፋውን፣ እኔ ጠረጴዛውን። ዓይኔን ስገልጥ እኩል ጨርሰናል።

«አሁን ደግሞ ሙቀት ገብቶሻል እንበል፤ ትንሽ ፍጠኚ። ትንሽ ብቻ።»

እንደገና ጀመርን። ስገልጥ እሷ ጨርሳ እጇን አጣጥፋለች፤ የእኔ መዳፍ አየር ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ሳቀ።

«አየሽ? በመጀመሪያው ምት ልዩነቱ አይታወቅም። ሲደማመር ግን የመጨረሻው ላይ አንቺ ሌላ ቤት ገብተሻል። ቺፗ ውስጥ ያለው ሰዓት ርካሽ ነው፤ ሲሞቀው ይጣደፋል። በኤሲ ስላሳደግኳት እኔም እሷም አላወቅነውም።»

ማማ ከበሩ ላይ ቆመው ኖሯል። አንድ ነገር አሉ። ከበሮ መቺዋ ለመተርጎም አመነታች።

«ምን አሉ?»

«ጥገናው ይሄ ነው ወይ? ይላሉ።»

መድኃኒቱ ክሪስታል ነው። በትንሽ የቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ያለች ስስ የድንጋይ ስንጥር ናት፤ ሙቀትም ይሁን ብርድ ምቷን ያን ያህል አትለውጥም። ከቺፗ ጎን ትበየዳለች፤ ከዚያ ቺፗ የውስጧን ትታ እሷን ታዳምጣለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ክሪስታሎቼም በሣጥን ተደርድረው በክብር ተቀምጠዋል፤ አቡ ዳቢ። የአል አይን ሰናዒያ፣ የጋራዥና የመለዋወጫ ሰፈሩ፣ ሱቆች ደግሞ ለቀትር ዕረፍት ተዘግተዋል፤ እስኪከፈቱ ብጠብቅ መኪናው ይደርሳል።

«ቤት ውስጥ አሮጌ ዕቃ የለም? ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ምንም?»

ከበሮ መቺዋ ወደ ዕቃ ቤት ወስዳ አሳየችኝ። ከምንጣፎቹ ሥር አንድ ፋክስ ማሽን አገኘሁ። የልጅነት ጓደኛዬን ያገኘሁ ያህል ልቤ ዘለለ። የማማ ሟች ባለቤት ንብረት ነበር፤ ለግመሎቹ መኖ የሚያዝበት። ፈቃድ ልንጠይቅ ሄድን።

«ከፈታኸው በኋላ ይሠራል? ይላሉ።»

«አሁንም አይሠራም።»

«ስለ አሁን አልጠየቅኩም ይላሉ።»

«በኋላም አይሠራም» አልኩ እውነቱን። ማማ ፋክሱን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን ወዘወዙ። «እሱም አይወደው ነበር፤ ውሰደው ብለዋል።»

ውስጡ ካሉት ክሪስታሎች መካከል ጀርባዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚስማማኝ አንዲት አገኘሁ፤ አጠገቧ የነበሩ ሁለት ምስር የሚያህሉ አጃቢዎቿንም ጭምር ነቀልኩ። የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ወርክሾፕ አድርጌ በየድኩ። በላፕቶፔ ፕሮግራሙን ከፍቼ አዲሱን ፍጥነት ጻፍኩ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ለቺፗ «ከአሁን ጀምሮ ይህችን አዳምጪ» ብሎ መንገር። ይህ የሚነገረው ከረጅም ዝርዝር ውስጥ አንዱን መስመር በመምረጥ ነው። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን መስመር መረጥኩ። በዕድሜዬ ልክ ሁልጊዜ ላይኛው ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡኝ፤ ለምጄ።

ቺፗ ጸጥ አለች። ቁጥር የለ፣ የጂን ጽሑፍ የለ። ላፕቶፑም «እንዲህ ያለ ቺፕ አላውቅም» አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። አላውቅም። ሽቦ ነቅዬ ሰካሁ። አላውቅም።

ከበሮ መቺዋ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ሞተ?»

«ተኝታለች።»

«ጋሼ፣ እኔ ብዙ ዓመት ሽማግሌ አስታምሜአለሁ። 'ተኝተዋል' ስባል አውቃለሁ።» ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ ተቀመጠች። «ግድ የለም። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ነው። አይጨነቁ።»

እንዲህ ባትለኝ ይሻል ነበር። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ።

ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። መስታወት ውስጥ መነጽር ግንባሩ ላይ ያደረገ ሽማግሌ አየኝ። መነጽሩን አወረድኩና ተመልሼ ዝርዝሩን አነበብኩ። የመረጥኩት መስመር «ምቱ ተዘጋጅቶ ከውጭ ሰው ይሰጥሻል፤ አንቺ ቁጭ በዪ» የሚል ነው። ክሪስታል ብቻውን አይመታም፤ ቺፗ ራሷ ነቅንቃ ታስነሳዋለች። እኔ ደግሞ እንዳትነካው አዝዣታለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብላለች። አልሞተችም! በዚያ ግቢ የታዘዘችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ የፈጸመች እሷ ብቻ ናት።

«ስክሪኑን አምጪው!» ብዬ ጮህኩ።

«የትኛውን?»

«የኩሽናውን! ቺፗን ነው የምፈልገው!»

የኩሽናዋ ቺፕ አንዲት ጤነኛ እህት ናት። ሁለት መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፍኩላት፤ አንድ እግርሽን አንሺ ጣይ፣ አንሺ ጣይ፣ ሌላ ሥራ የለሽም። ያን እግር ከተኛችው እግር ጋር በሽቦ አገናኘሁ። ላፕቶፑን ጠየቅኩት። አወቃት!

«ነቃች!»

ከበሮ መቺዋ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«እዘዢኝ።»

«መነጽርዎን አያውልቁ።»

ትክክለኛውን መስመር ስመርጥ እሷ ጣቷን ላፕቶፑ ስክሪን ላይ አድርጋ፣ እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር። ወጥ ቤቱም ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነባል። የሊጥ ጨው የሚለካ ሰው እንኳ ይህን ያህል አይጠነቀቅም። ከዚያ የኩሽናዋን ቺፕ ወደ ሥራዋ መለስኩ፤ ሁሉንም ቦታ ቦታው ገጠምኩ። ሠላሳ ሰባት ከስድስት። የማዳምን ፀጉር ማድረቂያ አስለምኜ አመጣሁና ቺፗን ፊት ለፊት አጋልኳት፤ ሰርግ የምትሄድ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልደረቀችም። ቁጥሩ ፍንክች አላለም።

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ልጄ ናት። ማማን ጠርተን አሳየናቸው። ስክሪኑን አዩ፤ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አዩ።

«ማማ የሚሉት...» ከበሮ መቺዋ በእጇ የያዘችውን ፌስታል አየች። «ፀሐይዋ ገብታለች። ሲመሽ ሁሉም ሰው እውነተኛ ነው። ነገ ቀትር ላይ፣ ከመስኮቱ ላይ፣ ይህንኑ ሲናገር ልየው።»

«በፀጉር ማድረቂያው እኮ...»

«ፀጉር ማድረቂያ የአል አይን ፀሐይ አይደለም ይላሉ።»

ልክ ናቸው። በቀትር የዋሸ ማሽን በምሽት እውነት ቢናገር እኔም አላምነውም። ከበሮ መቺዋ የነጠላዋን ፌስታል መልሳ ከበሩ ኋላ ሰቀለችው።

ይህን ሳወራ ሁልጊዜ «እኔ ልቅር አልኩ» ነው የምለው። እውነቱ ግን ልጄ ገብታ ነገሩን ከሰማች በኋላ ለአፍታ ሳታስብ «አባዬ ይቀራል» አለች። «ማሽኑም የእሱ ነው፤ ከተሳሳተ እሱ ቁጥሩን ክፍሉ ድረስ ሄዶ ያያል። ጣዎሱንም ይለምደዋል።» ማማ ትርጉሙን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ በዱላቸው ወደ እኔ ጠቆሙና «ዘይን» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። ካፊልና ማማ ከተስማሙ ሌላው ምን ይላል?

«ጋሼ፣ ወንበር ይዘውልዎት አልነበር?» አለች ከበሮ መቺዋ።

«አንቺ ሂጂና ወንበሩ ላይ ፌስታልሽን አስቀምጪበት።»

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሳኋት። ልጄ ከመኪናው መስኮት «መድኃኒትህ የቦርሳህ ኪስ ውስጥ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሄዱ።

ለእረፍት አገሩ በሄደው ሾፌር ክፍል አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ፆም መፈታቱን ወጥ ቤቱ ለማማ ነግሯቸው ኖሮ ቁርስ ተላከልኝ፤ የተቀቀለ እንቁላል። አንስቼ በብርሃን አየሁት። ማማ ከበረንዳው ሆነው «ደጃጅ! ደጃጅ!» አሉኝ፤ የዶሮ ነው ማለታቸው ነው። በላሁ።

ቀትር ላይ ማማ ሳጥኗን በገዛ እጃቸው ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከትናንትናዋ ቦታዋ አስቀመጡ። ኩሽና ገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሳቸው በዱላቸው ተደግፈው፣ እኔ በጉልበቴ። ፀሐይዋ የቻለችውን አደረገች። ሠላሳ ሰባት ከስድስት። ማማ ውኃ ጠጡ፤ ሠላሳ ሰባት ከስድስት። ከመቀመጫቸው ተነሥተው በመስኮት ሳጥኗን አዩ፣ ተመልሰው ስክሪኑን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። «ኸላስ» አሉ፤ በቃ፣ አለቀ ነው። ከንጉሥ እጅ ሽልማት የተቀበልኩ መሰለኝ።

ስልኬ ጮኸ። ከበሮ መቺዋ ናት፤ ከኋላዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ! ቁጥሩ?»

«ትክክል!»

«ፀሐይ ላይ?»

«ፀሐይ ላይ! ስሚኝማ፣ ክሪስታሉ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ማማ ራሳቸው...»

«ተመስገን! ጋሼ፣ እንቁላሎቹን አገላበጧቸው አይደል?»

«ምን አደረግኳቸው?»

«አገላበጧቸው ወይ? በቀን ደጋግመው በእጅ ይገላበጣሉ እኮ። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ራሱ አያገላብጥም። ትናንት ስወጣ አገላብጫቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ቢያልፋቸው አይሞቱም፤ ግን እርስዎ እዚያው ካሉ አይቀር... ውይ፣ ተራችን ደረሰ! ቀስ ብለው፣ እሺ?»

ዘጋችው። ስለ ክሪስታሉ የነበረኝ ንግግር አፌ ውስጥ ቀረ። የሴትዮዋ ዓይን ከመለኪያው ላይ እንዲነሳ ይህን ሁሉ ሽቦ ስዘረጋ፣ እጇንም እንቁላሎቹ ይፈልጉት እንደሆነ የጠየቅኩት ሰው አልነበረም።

ማማን በእጄ እያገላበጥኩ አሳየኋቸው። ወዲያው ተረድተው ተነሡ፤ በዱላቸው መንገድ እየጠረጉ ክፍሉ ድረስ ወሰዱኝ። ማሽኑን ከፈቱ። መነጽሬን አድርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። ማማ በጆሮዬ ላይ ቆመው «ሽዋይ፣ ሽዋይ» ይላሉ፤ ቀስ በል ነው። ያለ አስተርጓሚ ሁሉም ገባኝ።

ጨርሼ ክዳኑን ልመልስ ስል ዱላው ከፊቴ መጣና በጥግ ያለችውን እንቁላል ጠቆመኝ። ረስቻታለሁ።